ሦስቱን አንድ ያልኩበት ገጽ

ኤመሪ ታኬት መጀመሪያ የጻፈልኝ ደብዳቤ የፍቅር አልነበረም። አቤቱታ ነበር።

ካረፈ ሰባት ወሩ ነው። ሰዎች ስሙን ሲያነሱብኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኔ ግን ያን በጋ ሳስታውስ ሳቄ ይቀድመኛል።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ኸርም ስትሮብል አዮዋ ውስጥ በዌልበርግ ከተማ ትራክተርና ኮምባይነር ይሸጣል፤ ከዚያ በተረፈው ጊዜና ቁጣ ደግሞ የከተማዋን የቤዝቦል ቡድን ያስተዳድራል። ቡድኑ «ጎተራዎቹ» ይባላል፤ ከሜዳው ጀርባ ሦስት ግዙፍ የእህል ጎተራዎች ስለቆሙ ነው። በተሸነፍን ቁጥር የተጋጣሚ ደጋፊዎች «ባዶ ጎተራ፣ ባዶ ጎተራ» እያሉ ይዘፍኑልን ነበር።

እኔ የጨዋታ መዝጋቢ ነበርኩ። ከመቀመጫዎቹ በላይ በኮምፔንሳቶ በተሠራች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ሜዳው ላይ የሆነውን ሁሉ በእርሳስ እጽፋለሁ። ነገሩ ሲያከራክር ጥፋቱ የማን እንደሆነ የምወስነውም እኔ ነኝ። ወርዋሪው የወረወራትን ኳስ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ በጓንት የሚቀበለው ሰው ቀላቢ ነው፤ ዳኛው ከእሱ ኋላ ይቆማል። ኳሷ አልፋው ከሄደች ወይ ወርዋሪው አበላሽቷታል፣ ወይ ቀላቢው አልያዛትም። የአንዳቸው ስም መዝገብ ላይ ይሰፍርና እዚያው ይቀራል።

ኤመሪ በግንቦት መጨረሻ ከኬንታኪ የከሰል ተራሮች በአውቶቡስ የመጣ አዲስ ቀላቢ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ኳስ አለፈችው፤ በእሱ ላይ ጻፍኩ። በማግስቱ ሚስስ ክቫም ደብዳቤ ይዘውልኝ መጡ። ሚስስ ክቫም የሰባ አንድ ዓመት ባልቴት ናቸው፤ በር ላይ ትኬት ይቀድዳሉ። የቡድናችን ደመወዝ ቤት ስለማያከራይ ተጫዋቾቹ በጋውን የሚያሳልፉት በከተማው ሰዎች ቤት ነው፤ ለሚስስ ክቫም የደረሳቸው ኤመሪ ነበር።

«ክብርት መዝጋቢ» ይላል ደብዳቤው፤ «ትናንት በስድስተኛው ዙር ያለፈችኝ ኳስ መሬት ነክታ፣ ጠጠር አግኝታ፣ ወደ ግራ ታጥፋ ነው ያለፈችኝ። ምስክሬ የዳኛው እግር ነው፤ አብጧል። ውሳኔዎ እንደገና እንዲታይልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ሄጄ የዳኛውን እግር አየሁ። እውነትም አብጧል። መዝገቡን አስተካክዬ መልስ ጻፍኩ፦ «ይግባኝዎ ተቀባይነት አግኝቷል። ጥፋቱ ወደ ወርዋሪው ተዛውሯል።»

ሚስስ ክቫም መልሱን ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ፣ «አራት ጊዜ ጽፎ አራት ጊዜ ቀደደው» አሉኝ። «ባሌ ለጋብቻ ሲጠይቀኝ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም።»

ሳቅሁ። ቀኑን ሙሉ ግን ያቺ አራት ጊዜ የተቀደደች ወረቀት ከሐሳቤ አልወጣችም።

* * *

አባቴ ተጫዋች የሚመዝነው በአንድ ቁጥር ብቻ ነበር፦ ከመቶ ስንቴ መታ? በዚህ ሚዛን ሁለተኛው ቀላቢያችን ቻድ ሆልምበርግ ንጉሥ ነው። ከመቶ ሠላሳ ይመታል፤ ጸጉሩ የበቆሎ ጭራ ይመስላል፤ የፊተኛው ረድፍ ትኬት የሚያልቀው በእሱ ነው። ኤመሪ ከመቶ ሃያ ሁለት ብቻ ይመታል፤ ጆሮዎቹ ደግሞ ከቆቡ ወጥተው ለመሄድ የተነሱ ይመስላሉ።

እኔ ግን ሌላ ሚዛን ነበረኝ። በፖስታ ከማስመጣቸው ቀጫጭን መጽሔቶች፣ ከምሳ በኋላ በባለካሬ ደብተር እየሞከርኩ፣ ራሴን ያስተማርኩት። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ የሚቃጠሉ ሃያ ሰባት ዕድሎች አሉት፤ ሲያልቁ ጨዋታው አለቀ። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ስንቴ መታ አይደለም፤ ስንቴ ዕድል ሳያቃጥል ተመለሰ ነው። ኤመሪ መጥፎ ኳስ አይነካም። ወርዋሪው አራት መጥፎ ኳስ ከወረወረለት ያለ ምት በነጻ ይራመዳል። መምታቱና መራመዱ ሲደመር ከመቶ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ዕድል አያቃጥልም። ቻድ ያየውን ሁሉ ስለሚሰነዝርበት በነጻ የመራመድ ልማድ የለውም፤ የእሱ ሠላሳ ሁለት ነው።

ይህን መጽሔቶቹም ያውቁታል። ማንም ሲቆጥረው ያላየሁት ሌላው ነበር። ወርዋሪው የወረወራት ኳስ በመቺው ጉልበትና ደረት መካከል፣ ለዚያ በተሠመረው ስፋት ካለፈች ዳኛው «ስትራይክ» ይላል፤ ለመቺው ኪሳራ፣ ለእኛ ትርፍ ነው። ጠርዝ ጠርዙን የምትሄደውን ኳስ ግን ዳኛውም በደንብ አያያትም፤ የሚያየው የቀላቢውን እጅ ነው። ቻድ ኳስ የሚይዘው ዝንብ እንደሚይዝ ሰው ነው፤ ያፍናትና እጁ ይወራጫል። ኤመሪ የተኛ ሕፃን እንደሚቀበል አድርጎ ይቀበላታል፤ ዳኛውም ያን እርጋታ አይቶ «ስትራይክ» ይላል።

ስለዚህ የርቀት መነጽር ገዛሁ፤ እያንዳንዱን ውርወራ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ፣ ዓይኔን ከኤመሪ ሳልነቅል ማየት ጀመርኩ። አየሁት ስል ጓንቱን ማለቴ ነው።

ሜዳ ላይ ያለው ሰው ግን ይህን በምን ያውቃል?

«የአለቃው ልጅ በዓይኗ ልትበላህ ነው» አለው አንደኛው ወርዋሪ፣ ሱፍ እየላጠ።

«ዝም በል።»

«በመነጽር እኮ ነው። እኔን እናቴም እንዲህ አይታኝ አታውቅ።»

በዘጠነኛው ጨዋታው ማግስት ሚስስ ክቫም ሁለተኛውን ደብዳቤ አመጡ።

«ሚስ ስትሮብል፣ እንደሚያዩኝ አውቄያለሁ። ጓደኞቼም አውቀዋል። እኔም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደዚያው ነኝ። ተስፋ ካለው ይንገሩኝ፤ ከሌለውም ይንገሩኝ፣ እችለዋለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እጁን እየቆጠርኩ መሆኔን ደርሶበታል፤ እሱም የራሱን እየቆጠረ ነው ማለት ነው። ስለ ቁጥር የሚጨነቅ ተጫዋች አይቼ ስለማላውቅ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቁጭ ብዬ መለስኩለት፦

«ሚስተር ታኬት፣ ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። እስካሁን ያየሁት በጣም ደስ ይላል። ሆኖም ገና ዘጠኝ ጨዋታ ነው፤ በዘጠኝ ጨዋታ መወሰን ብዙ ሰው ሲያሳስት አይቻለሁ። አርባ ሲሞላ ቁርጡን እነግርዎታለሁ። እስከዚያው ምንም ነገር አይለውጡ፤ በተለይ እጅዎን።»

ይህ ደብዳቤ በሚስስ ክቫም ወጥ ቤት እንዴት እንደተነበበ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

«አርባ ጨዋታ?» አሉ ሚስስ ክቫም።

«አርባ።»

«ብዙ ሰው ሲያሳስት አይቻለሁ ያለችው ስንት ወንድ አይታ ነው?»

«እንጃ።»

«ለማንኛውም ጠብቅ፣ ልጄ። ይህች የቁም ነገር ሰው ናት። እኔ ባሌን ያገባሁት በሁለት ዳንስ ነው፤ አርባ ዓመት ሲያንኮራፋብኝ ኖረ። አርባ ጨዋታ ጠብቄ ቢሆን ኖሮ እደርስበት ነበር።»

ጠበቀ። በየቀኑ ጢሙን እየተላጨ ጠበቀ። አንድ ጨዋታ ቀልቦ በጨረሰ ቁጥር ወደ ክፍሌ ቀና ይልና በጣቶቹ ቁጥር ያሳየኛል፦ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። እኔም ቆጠራችን መግጠሙን ለማረጋገጥ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሁለት ሺህ ሰው ፊት፣ በየጨዋታው፣ «እሺ፣ እሺ» እያልኩት ነበር።

በሃያ ሦስተኛው ጨዋታ ላይ መነጽሩ ከጓንቱ ወደ ክንዱ፣ ከክንዱ ወደዚያ ጆሮው ወጣ። ሳልጽፍ ሁለት ውርወራ አመለጠኝ። በሥራዬ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም። መዝገቡ ላይ ሁለት ባዶ ካሬዎች ቀሩ፤ እያየኋቸው ጉንጬ ሲግል ተሰማኝ።

* * *

የአባቴ ደንብ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፦ ከተጫዋች ጋር ፍቅር የሚጀምር የክለቡ ሠራተኛ ከነተጫዋቹ ይባረራል። ከደንቡ በላይ ደግሞ ንቀቱ ነበር። ለአባቴ ተጫዋች ማለት በግንቦት በሻንጣ መጥቶ በመስከረም በሻንጣ የሚሄድ ሰው ነው፤ የከሰል ቆፋሪ ልጅ ሲሆን ደግሞ ሻንጣው የካርቶን ነው። የኤመሪ እውነትም የካርቶን ነበር።

በነሐሴ መጀመሪያ፣ ሐሙስ ምሳ ላይ፣ አባቴ ሾርባውን እየነፋ፣ «ሰኞ አንድ ሰው እቀንሳለሁ። የሊጉ ትእዛዝ ነው» አለኝ።

«ማንን?»

«ያን ጆሮ ነዋ። ከመቶ ሃያ ሁለት የሚመታ ሰው ለምን አበላለሁ? እሁድ ደግሞ ፒንክኒ የሚባል ሰው ከትልቅ ክለብ ይመጣል፤ ቀላቢ ይፈልጋሉ። ቻድን አሳየዋለሁ። ሰውየው እንዳንቺው ነው አሉ፤ ቁጥር፣ ቁጥር ይላል።»

«አባዬ፣ ኮምባይነር ሊገዛ የመጣ ገበሬ መጀመሪያ ምን ይጠይቅሃል?»

«ዋጋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ማሽኑን አስነድቶ ከኋላው ይሄዳል። መሬት ላይ ስንት ፍሬ እንደጣለ ጎንበስ ብሎ ይቆጥራል። ቀለሙን የሚያየው ሚስቱ ናት።»

«አንተ ቀለሙን እያየህ ነው። ቻድ ከኋላው ብዙ ይጥላል።»

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። ስለ ቤዝቦል አውርቼ ማንኪያ ሳስቀምጠው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ስንት?»

«ቆጥሬዋለሁ። ነገ በወረቀት አመጣልሃለሁ።»

«አምጪ። ደህና ከሆነ አቆየዋለሁ፤ በምትኩ ያን ክንዱ የታመመ ወርዋሪ እሸኘዋለሁ፣ እሱም አገሬ ልግባ እያለ ነው። ወረቀቱንም ለፒንክኒ አሳየዋለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ኤመሪ ከመካከለኛ ቀላቢ ይልቅ በእያንዳንዱ ጨዋታ ሦስት የጠርዝ ኳስ አስበልጦ ያተርፋል። እንዲህ ያሉ ስምንት ኳሶች በግምት አንድ ነጥብ ናቸው፤ አሥር ነጥብ አንድ ድል ነው። በሃያ ሰባት ጨዋታ ያ ጓንት ብቻውን አንድ ድል ያመጣል። በኛ ሊግ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ቁጥር የሚያውቅ ሰው ይህን ገጽ ቢያየው ኤመሪን በዚያው ዕለት ጠቅልሎ ይወስደዋል።

ወረቀቱን ባልሰጥ ሰኞ ይባረራል። ብሰጥ ሰኞ ይወሰዳል። ሁለቱንም መንገድ ስሄድባቸው ማክሰኞ ላይ ኤመሪ የለም።

ያን ጊዜ ሦስተኛው መንገድ ታየኝ። ሦስት የሚለው አንድ ቢሆንስ? አንድ ከሆነ አንድ ድል ለማምጣት ሰማንያ ጨዋታ፣ በጋውን ሙሉ ማለት ነው፣ ይፈጅበታል። አባቴ ለማቆየት ይበቃዋል። ለፒንክኒ ግን አይበቃም።

ሁለት ወር መዝግቤ፣ የዳኛ እግር ሳይቀር አይቼ የፈረድኩ ሰው፣ ንጹሕ ወረቀት አወጣሁና በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «አንድ» ብዬ ጻፍኩ። አባቴ አነበበው፤ «ደህና ነው፣ ይቆይ» አለና ደረት ኪሱ ከተተው።

ሁለት ቀን ሙሉ እየዘፈንኩ ዋልኩ። ውሸት እንዲህ ደስ እንደሚል ማንም አልነገረኝም ነበር።

* * *

እሁድ ከቀትር በኋላ ከአንድ ቡድን ጋር ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ነበረን። የመጀመሪያው የኤመሪ አርባኛ ነው። እንደጨረሰ ቀና ብሎ አራት ጊዜ አሥር ጣት አሳየኝ። ነቀነቅሁ። ከዚያ በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል የክፍሌ በር ተንኳኳ።

ኤመሪ ነው። እግሩ ላይ የቀላቢ መከላከያ እንደታሰረ ነው፤ አንገቱ ላይ ደግሞ የሟቹ ሚስተር ክቫም ክራቫት፣ የሚበሩ ዳክዬዎች ያሉበት።

«አርባ ሞላ» አለ።

«ሞላ። ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ይሄ እግሬ ላይ ያለው ስቀመጥ ይጮኻል። ቁርጡን እነግርዎታለሁ ብለው ነበር።»

ደብተሬን ከፈትኩ። «ትዕግሥትዎ በሊጉ አንደኛ ነው።»

«ሚስስ ክቫምም እንደዚያ ብለዋል።»

«ሩጫዎ ደካማ ነው።»

«ለዚህ ነገር ሩጫ ያስፈልጋል እንዴ?»

«የግድ አይደለም። እጅዎ ግን…» ገጹን ገለጥኩ። «እጅዎ የመጣለትን ነገር አይነጥቅም። እስኪደርስለት ይጠብቃል። እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም።»

ጆሮው ከሥሩ እስከ ጫፉ ቀላ። «እጄን መቼ አዩት?»

«በየቀኑ ነዋ። በመነጽር።»

ወደ ደብተሩ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «ሚስ ስትሮብል፣ የሚያነቡልኝ ምንድን ነው?»

«ቁጥሮችዎን። በደብዳቤ የጠየቁኝን።»

«እኔ ቁጥር አልጠየቅሁም።»

«እንደሚያዩኝ አውቄያለሁ፣ እኔም እንደዚያው ነኝ ብለው…»

«እወድዎታለሁ ማለቴ ነበር።»

ከታች በድምፅ ማጉያው አንድ ሰማያዊ መኪና መብራቱ እንደበራ መቅረቱ ተነገረ። ሁለታችንም ስለ መኪናው የምናስብ ይመስል እስከ መጨረሻው አዳመጥን።

«ይቅርታ» አለ ኤመሪ። «አርባ ጨዋታ ሙሉ አስቸገርኩዎት። ነገ እንደሚያባርሩኝ ሰምቼ፣ ከመሄዴ በፊት ልወቅ ብዬ ነው።» ክራቫቱን መፍታት ጀመረ፤ ዳክዬዎቹ አንድ በአንድ ተጨማደዱ።

«አያባርሩዎትም።»

«ማን አለ?»

«እኔ። ወረቀት ጽፌ ነበር። በየጨዋታው ከዳኛው የሚያተርፉት ሦስት ኳስ ነው፤ አንድ ብዬ ጻፍኩት።»

እጁ ክራቫቱ ላይ ቆመ። «ለምን?»

«አንድ የሆነ ሰው እዚህ ይቆያል።»

«ሦስት የሆነስ?»

«እዚያ ታች ገለባ ባርኔጣ ያደረጉት ሰውዬ ይወስዱታል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ ዓይኑን አየሁት። ሁለት ወር ሙሉ ሳየው ከርሜ ያለ መነጽር ያየሁት ገና አሁን ነበር፤ ግራጫ ነው፤ አላውቅም ነበር።

«አያቴ ከሰል ቆፋሪ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ያወጣውን ከሰል ሚዛን ላይ እያሳነሰ የሚጽፍ ሰው ነበር። በቤታችን የዚያ ሰውዬ ስም አይጠራም።»

ከዚያ የከፋ ነገር ማንም ብሎኝ አያውቅም። ሊሰድበኝ ብሎ አልነበረም፤ እንዲያው የቤቱን ወሬ ነው የነገረኝ። እንባዬ ደብተሩ ላይ ወርዶ ሠላሳ ሰባትን አጠፋው።

«ግን» አለ ኤመሪ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው፣ «ያ ሰውዬ ያሳነሰበት አያቴ እንዳይሄድበት ብሎ አልነበረም።»

«አልነበረም» አልኩ እያለቀስኩ።

«እንግዲያው እንደሱ አይደሉም። ይሂዱና ያስተካክሉት።»

«ይወስዱዎታል እኮ።»

«አውቃለሁ።» ፈገግ አለ፤ ጆሮዎቹም አብረው ፈገግ ያሉ መሰለኝ። «ያስተካክሉት፣ ሚስ ስትሮብል።»

* * *

አባቴና ሚስተር ፒንክኒ ከዳኛው ጀርባ ተቀምጠው ሆት ዶግ እየበሉ ነበር። ወረቀቱ ሚስተር ፒንክኒ ጉልበት ላይ ነው።

«አባዬ፣ ወረቀቱ ላይ ስህተት አለ። አንድ የሚለው ሦስት ነው።»

አባቴ ማኘኩን አቆመ። «በስህተት ነው አንድ የሆነው?»

«አይደለም።»

ጥቂት አየኝ። «ሃያ ስምንት ዓመት ማሽን ሸጥኩ» አለ። «የሌለውን አለ የሚል ሻጭ ሞልቷል። ያለውን የለም ብሎ የሚያሳንስ ግን አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። ዕቃው ከእጁ እንዲወጣ የማይፈልግ።»

«አዎ።»

«ያን ጆሮ?»

«አዎ፣ ያንኑ።»

አባቴ ሆት ዶጉን ተመለከተው፤ ምክር የጠየቀው ይመስል።

«በደንቡ መሠረት ልታባርረኝ ትችላለህ» አልኩት።

«ሁለተኛው ጨዋታ ሊጀመር ነው፤ ማን ሊመዘግብልኝ? ነገ አባርርሻለሁ።»

ሚስተር ፒንክኒ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ራሰ በራ፣ ትሑት ሰው ነበሩ። «ይቅርታ የኔ እመቤት፤ ይሄ ሦስት የቆጠራ ሦስት ይሁን የፍቅር ሦስት በምን አውቃለሁ?»

«አያውቁም። ይቁጠሩት።» መነጽሬን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው።

ቀላቢ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ አይቀልብም፤ ጉልበት አይችለውም። አባቴ ግን ወደ ሜዳው ጮኾ ኤመሪን አስገባው። እኔ ወደ ክፍሌ ወጥቼ በባዶ ዓይኔ መዘገብኩ። በሰባተኛው ዙር ኤመሪ ሲነሳ የሁለት ጉልበቱ ድምፅ እኔ ድረስ የተሰማ መሰለኝ፤ እጁ ግን ኳስ በመጣች ቁጥር እንደዚያው ነበር፣ የሚጠብቅ፣ የማይነጥቅ። ተሳካለት ስል ይከፋኛል፤ አልተሳካም ስል ይብስብኛል። አንዲት ሴት በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለሁለት ተጋጣሚ ቡድን ልትደግፍ እንደምትችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሲያልቅ ሚስተር ፒንክኒ ከታች አምስት ጣት አነሱልኝ። እኔ የቆጠርኩት አራት ነበር። መነጽሩን ሊመልሱልኝ ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ።

«ልጁን እወስደዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ ፊቴን አይተው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ።

ኩራቴና ሐዘኔ አንድ ላይ መጥተው የትኛውን እንደማስቀድም ጠፋኝ።

* * *

ሰኞ ረፋድ ላይ አውቶቡሱ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ቆሞ ነበር። ክለቡ አዲስ ተጫዋቾቹን ወደሚያሠለጥንበት ወደ ቴነሲ ነው። ሚስስ ክቫም ድንችና ሥጋ በምድጃ ጋግረው ከነትሪው አመጡ፤ ሹፌሩ ትሪው ትኬት ያስፈልገዋል ብሎ ቀለደ፤ አልሳቁለትም። አባቴ መንገዱን ተሻግሮ የመኪናውን ጎማ እየመረመረ ነበር። አራቱንም ጎማ መርምሮ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ኤመሪ የካርቶን ሻንጣውን አስቀመጠ። «ያን ወረቀት ምን አደረጉት?»

«ሚስተር ፒንክኒ ትክክለኛውን ወሰዱ። የተሳሳተውን መለሱልኝ።»

«የታለ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ። ልቀደው ነው።»

«አትቅደጂው» አለ። ከተዋወቅን ጀምሮ «አንቺ» ሲለኝ የመጀመሪያው ነው፤ እሱም ደንግጦ ቆመ፣ እኔም። «ስትጽፊው ምን ተሰማሽ?»

እውነቱን ነገርኩት። «ደስ አለኝ። ሁለት ቀን ዘፈንኩ።»

«እንግዲያው ስጪኝ። ትክክለኛውን እነሱ ይያዙት፤ ለሥራ ይሆናቸዋል። በሕይወቴ ስለ እኔ የተጻፈ ትክክል ነገር ብዙ ነው፦ ሩጫው ደካማ፣ ምቱ ሃያ ሁለት። እንዳልሄድባት ብላ ሰው የዋሸችልኝ ግን በዚህች ወረቀት ብቻ ነው።»

ሰጠሁት። በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፤ ከዚያ በሚስስ ክቫምና በአባቴ አራት ጎማዎች ፊት አቀፈኝ። ትሪው መካከላችን ነበር፤ ትኩስ ነበር፤ ማናችንም አልተንቀሳቀስንም።

* * *

ትልቁ ሊግ ውስጥ አሥራ ሰባት ጨዋታ ቀለበ። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ወደ ዌልበርግ ተመልሶ አገባኝ፤ አባቴ ዘንድም ኮምባይነር ሸጠ። ማሽኑ ስንት ፍሬ እንደሚጥል ሳይጠየቅ ለገዢ ሁሉ ስለሚናገር ብዙ ገዢ አሳጣን። አባቴ እስኪሞት ድረስ ይህን እየነቀፈ፣ ለሌላ ሰው ሲያወራ ግን እየኮራ ኖረ።

ባለፈው መጋቢት የኤመሪ አስከሬን ከቤተ ክርስቲያኑ ከመውጣቱ በፊት ወረቀቱን ከኪስ ቦርሳው አውጥቼ የልብሱ ደረት ኪስ ውስጥ ስከት ልጃችን ሎርና አየችኝ።

«እማ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«አባትሽ የሚወዳት የፍቅር ደብዳቤ ናት።»

ቀስ ብላ አወጣችው፣ ገለጠችው፣ ከላይ እስከ ታች አየችው። እንባዋ ፊቷ ላይ እያለ ግንባሯ ተቋጠረ።

«እማ፣ ይሄ እኮ ሁሉም ቁጥር ነው።»

«አዎ» አልኳት። «አንዱ ውሸት ነው።»